ጽጌወይን እምቢ ያለችው ሊሚት

የጽጌወይን ዋና ሥራ እምቢ ማለት ነው። ክፍል ማጽዳቱ በትርፍ ሰዓቷ ነው። በክፋት አይደለም ይህን የምለው፤ ጓደኛዬ ናት። የቬጋስ ዋና ጎዳና በሆነው ስትሪፕ ላይ ባለ አንድ ካዚኖ ሆቴል እሷ ክፍል ታጸዳለች፣ እኔ አስካል ደግሞ ምድር ቤት ተቀምጬ የሠራተኛ ዩኒፎርም አድላለሁ። ዲቪ አምጥቶ ቬጋስ ከጣለን ጊዜ ጀምሮ ስንጣላና ስንታረቅ ኖረናል። ግን ሐቁ ይነገር ከተባለ፣ እንደሷ እምቢ ሲል ያየሁት ፍጡር የለም።

የሠራተኛው ካፍቴሪያ ምግብ በነፃ ነው። በነፃ! የሚያድለው ሰውዬ ጭልፋውን ያነሳና "ዶሮ ልጨምርልሽ?" ይላታል። እጇን ደረቷ ላይ ታደርግና አንገቷን ሰበር አድርጋ "ኖ፣ ኖ፣ ይበቃኛል" ትላለች። ሰውዬው ጭልፋውን መልሶ ወደሚቀጥለው ሰው ያልፋል። እሷ ሰላጣ ብቻ ይዛ እኔ ጋ ትመጣለች፤ ፊቷ ተቀያይሯል።

"አየሽልኝ? አንዴ ብቻ ጠይቆኝ አለፈ።"

"እምቢ አልሽዋ!"

"ታዲያ እሺ ልበል? ርቧት ነው እንዲለኝ?"

"ርቦሻል እኮ!"

"ቢርበኝስ! በሞቴ ቢለኝ ምን ይጎድልበታል?"

ሰውዬው ፊሊፒናዊ ነው። በሞቴን ከየት ያምጣላት? ከዚያ እጇን ትሰድና የኔን ዶሮ ትበላለች። እኔም አመሏን ስለማውቅ ሁልጊዜ ለሁለት ሰው ነው የማስሞላው፤ ካፍቴሪያው ውስጥ ሆዳም የሚባል ስም የወጣልኝ በሷ ጦስ ነው።

እስከ ዘንድሮ ድረስ ይህ አመሏ የጎዳው የኔን ዶሮና የኔን ስም ብቻ ነበር። ዘንድሮ ግን የልጇን መልስ ሊያሳጣት ደረሰ።

ልጇ ሮሐ ናት። እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ጥርስ ሐኪም ቤት የምትሠራ፣ አማርኛውን እንደ ትኩስ ድንች እያገላበጠች የምትናገር የተባረከች ልጅ። ማቲያስ የሚባል ጨዋ ልጅ ልታገባ ነው። ከሠርጉ በኋላ የሚገቡበት ቤት ትርፍ ክፍል ስላለው፣ ሮሐ እናቷን "እማ፣ እኛ ጋ ኑሪ" አለቻት። ጽጌወይን "ኧረ ተይኝ፣ እኔ ምን ሆንኩ፣ አትቸገሪ" አለች። ሮሐም "ኦኬ" አለች። አለቀ። አሁን ክፍሉ ውስጥ የመሮጫ ማሽን ቆሞበታል። ጽጌወይን ያንን ማሽን ጣውንቷን እንደምታይ ነው የምታየው።

የማቲያስ ወላጆች የግሪን ቫሊ፣ የሀብታሞቹ ሰፈር ሰዎች ናቸው። ትልቅ ቤት አላቸው፤ ደግሞም ደጎች ናቸው። ችግሩ ደግነታቸው ነው። ሠርጉን በሙሉ ቻሉ፤ እሰየው ብለን መረቅናቸው። አልበቃ ብሏቸው መልሱንም እኛ እንደግስ አሉ። ጽጌወይን ያን ቀን መጥታ ዩኒፎርም መስጫው መስኮት ላይ ተደግፋ አለቀሰች። የንጉሤ፣ የባሏ ቀብር ላይ እንኳ እንደዚያ ስታለቅስ አላየኋትም።

"መልስ የሴት ወገን ነው፣ አስኩ" አለችኝ። "ንጉሤ ቢኖር ማን ይህን ይለን ነበር? ልጄን ብቻዬን አሳድጌ መልሷ ላይ እንግዳ ሆኜ ልቀመጥ? ጥግ ላይ? ፀጉሬን ተሠርቼ?"

"ማን ደፍሮ ጥግ ላይ ያስቀምጥሻል! ራስሽ ትደግሺያለሽ" አልኳት። አንዴ ከአፌ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ጣጣው የኔም ሆነ።

ገንዘብ አላነሳትም። እቁብ ወጥቶላታል። ስፕሪንግ ቫሊ ከምንኖርበት አፓርትመንት ብዙ የማይርቅ አዳራሽ አገኘንና ኪራዩን በቼክ ከፈለች። ደስ ብሎን ልንወጣ ስንል የአዳራሹ ኃላፊ፣ ሊንዳ የምትባል መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴትዮ፣ "አንድ ነገር ቀረ" አለች። ለዕቃ መሰባበር መያዣ አራት ሺህ ዶላር ክሬዲት ካርድ ላይ ይዘው ያቆያሉ፤ ከድግሱ በኋላ ይለቁታል። ጥሬ ገንዘብ አይሆንም፣ ዴቢት አይሆንም። ካርዱ ላይ ደግሞ የደጋሿ ስም መጻፍ አለበት፤ ውሉም፣ በር ላይ የሚለጠፈው ስምም የሚወጣው በካርዱ ባለቤት ነው። ይህን እስከ ወሩ መጨረሻ ታመጣለች፣ አለዚያ አዳራሹ ለሌላ ይሰጣል።

የማቲያስ እናት ይህን በሰሙ በሰዓቱ ውስጥ ደወሉ። "የኛን ካርድ ስጫቸው፣ ምን ችግር አለ!" አሉ።

ችግሩማ አለ። በራችን ላይ የግሪን ቫሊዎቹ ስም ሊለጠፍ ነው። የጽጌወይን ካርድ ሊሚት፣ ማለትም ባንኩ የፈቀደላት ጣሪያ፣ ደግሞ አምስት መቶ ዶላር ነው። ድሮ የመጀመሪያ ሥራዋን ስትይዝ ያወጣችው ካርድ ነው፤ ዕዳ ነው ብላ ስለምትፈራው በመሐረብ ጠቅልላ ቦርሳዋ ታች ትቀብረዋለች። ቤንዚን ስትቀዳ ብቻ ታወጣዋለች፣ ቤቷ እንደገባች ትከፍለዋለች። ባንኩ እንኳ ሒሳቡን ለመላክ ጊዜ አግኝቶ አያውቅም።

ሰፈራችን ውስጥ የክሬዲት ነገር ሲነሳ የሚጠራው ተፈሪ ነው። ታክሲ ይነዳል፤ ከሺፍት በኋላ የሐበሻው ሱቅ ጥግ ካለችው ጠረጴዛ አይጠፋም። ዘጠኝ ካርድ አለው። ስንቀመጥ ሁሉንም አውጥቶ ካርታ ሊያድለን ይመስል ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸው።

"በቅድሚያ፣ ያላችሁን ባንክ ጠይቁ" አለ፣ እንደ መምህር ጉሮሮውን ጠርጎ። "የቆየች ደንበኛ ናት፣ አንድ ቀን አሳልፋ አታውቅም። ይጨምሩላታል። ግን መጠየቅ አለባት! ዝም ካልሽው ባንክ ረስቶሽ ይኖራል።"

"ሌላ ባንክ ሄጄ አዲስ ካርድ ባወጣስ?" አለች ጽጌወይን።

"አዲስ ካርድ መጀመሪያ የሚሰጥሽ ሊሚት ትንሽ ሊሆን ይችላል። ደግሞ ባመለከትሽ ቁጥር ፋይልሽን ይከፍቱታል፣ የክሬዲት ነጥብሽ፣ ስኮርሽ ይነካል። በየባንኩ ደጅ የዞረ ሰው የቸገረው ነው የሚመስላቸው።"

"የቸገረኝ ልምሰል ደግሞ!" አለችና ነጠላዋን ሰበሰበች።

"አይዞሽ። ስትደውዪ ገቢሽን ሙሉውን ተናገሪ። ኦቨርታይሙን፣ ቲፑን፣ ሁሉን። እነሱ ጋ ያለው ድሮ ስታመለክቺ የሞላሽው ደሞዝ ነው። እሱን አሳድሺ። ስንት ይሁንልሽ ሲሉሽ ከምትፈልጊው ከፍ አድርገሽ ጥሪ። አምስት ሺህ ከፈለግሽ ስምንት በይ፤ ማውረዱን ለነሱ ተዪው።"

"እንደ መርካቶ" አልኩ እኔ።

"ልክ እንደ መርካቶ!" አለና አንዱን ካርድ አነሳ። "ይቺ ከተነካች ቆየች። ዝም ካልኳት ይዘጉብኛል።" ብሎ የሻዩን ሒሳብ በሷ ከፈለ። የራሱን ሻይ ማለቴ ነው። የኛን እኛው ከፈልን።

በማግስቱ ሁለታችንም ዕረፍት ነበርን። ቤቷ ሄጄ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ስልኩን አስቀመጥንና ስፒከር ላይ አድርገን ለባንኩ ደወልን። እንግሊዝኛው ያቅታታል ማለት አይደለም፤ ግን የገንዘብ ጉዳይ ስለሆነ አስተርጓሚ ይሁንልኝ አለች። ትንሽ ሙዚቃ ከሰማን በኋላ አንድ ጥርት ያለ የአዲስ አበባ ድምፅ መጣ።

"ጤና ይስጥልኝ እናቴ፤ የአማርኛ አስተርጓሚዎ ነኝ። የሚናገሩትን ሁሉ እንዳለ እተረጉማለሁ።"

ጽጌወይን ስልኩን በሁለት እጇ ከደነችው። "ሐበሻ ነው!" አለችኝ በሹክሹክታ።

"አማርኛ የሚያስተረጉም ማን እንዲሆንልሽ ነበር? ቻይና?"

"ድምፁን አውቀዋለሁ መሰለኝ። ቤተክርስቲያን ያ ረጅሙ ልጅ ባይሆን ከምላሴ ፀጉር!"

"የትም ይሁን፣ ተናገሪ!"

የባንኩ ሠራተኛ፣ ባንኳ እንበላት፣ በእንግሊዝኛ ጠየቀች፤ ልጁ ተረጎመ። "ዓመታዊ ገቢዎ ስንት ነው?"

ጽጌወይን ለምን እንደደወልን ረሳችው። ሐበሻ ደሞዝ ሲጠይቃት የምትመልሰውን መለሰች። "ኧረ ምን ገቢ አለ ብለህ ነው የኔ ልጅ። ከእጅ ወደ አፍ ናት።"

ልጁም እንዳለ ተረጎመው።

"አንቺ!" ብዬ ጮህኩ። "ሙሉውን ተናገሪ አላለሽም ተፈሪ? ኦቨርታይሙን ንገሪያቸው!"

ልጁ እሱንም ተረጎመው። ማነው ከጎን የሚናገረው ብላ ባንኳ ጠየቀች። ጽጌወይን "ጎረቤት ናት፤ ልትወጣ ነው" አለችና ተነስታ ክንዴን ይዛ ወደ በረንዳው ገፋችኝ።

"ምን መሆንሽ ነው?"

"አንቺ ፊት ደሞዜን አልናገርም!"

"የሠራተኛ ማኅበሩ እኮ ደሞዛችንን ግድግዳ ላይ ለጥፎታል!"

"እሱ የማኅበሩ ጉዳይ ነው" አለችና የመስታወቱን በር ጎትታ ከውስጥ ቆለፈችብኝ።

የቬጋስን የሐምሌ ቀትር የማያውቅ ሰው የዳቦ ቤት ምድጃ በር ከፍቶ ፊቱን ያስገባ። በረንዳው ላይ ጫማዬ ሊቀልጥ ደረሰ። ግን ስልኩ ስፒከር ላይ ስለሆነ ጆሮዬን መስታወቱ ላይ ለጥፌ ሁሉንም እሰማለሁ። ደሞዟንም ሰማሁ። በሰዓት ከኔ ትበልጣለች፤ እሱን ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን።

"ሊሚትዎ ስንት ቢሆን ይፈልጋሉ?" አለ ልጁ።

"እናንተ እንዳላችሁ።"

ስምንት! ስምንት በይ! ብዬ መስታወቱን ደበደብኩ። ጀርባዋን አዞረችብኝ። የስልኩ ሙዚቃ እንደገና ትንሽ ተጫወተና ልጁ ተመለሰ፤ ድምፁ ውስጥ የደስታ ነገር አለ።

"እናቴ፣ መልካም ዜና ነው። ባንኩ ሊሚትዎን ወደ አምስት ሺህ ዶላር ላሳድግልዎት ይላል። ይቀበላሉ?"

እኔ በረንዳው ላይ እልል ልል አፌን ከፈትኩ። ያኔ ነው የጽጌወይንን ቀኝ እጅ ያየሁት። እጇ ከጠረጴዛው ተነስቶ ቀስ ብሎ ወደ ደረቷ እየሄደ ነው። አንገቷም ሰበር እያለ ነው። ዶሮው ላይ የምታደርገውን ልታደርግ ነው!

"ጽጌ! ጽጌ ተይ!"

"ኧረ አምስት ሺህ ምን ያደርግልኛል የኔ ልጅ!" አለች፣ ድምፅዋን አለስልሳ። "ያለችኝ ትበቃኛለች። ለኔ ብላችሁ አትቸገሩ።"

ልጁ ወዲያው አልተረጎመውም። የሀገሩ ልጅ ነው፣ ገብቶታል። ገብቶት ምን ያድርግ? ሥራው የተባለውን መተርጎም ነው። "እናቴ" አለ በቀስታ፣ "ልክ እንዳሉት ልተርጉመው?"

"ተርጉመው እንጂ!" አለች፣ ሁለተኛውን ጥያቄ እየጠበቀች።

ተረጎመው። ባንኳ "ኦኬ፣ ውሳኔዎን እናከብራለን፤ ሌላ የምንረዳዎት ነገር አለ?" አለች። ጽጌወይን አሁንም እየጠበቀች "ኧረ ምንም" አለች። መልካም ቀን ተባለላትና መስመሩ ተዘጋ።

ስልኩን ለረጅም ጊዜ አፍጥጣ አየችው። ከዚያ መጥታ በሩን ከፈተችልኝ። ላቤ እየተንጠባጠበ ገባሁ።

"ዘጉት" አለችኝ። "አንዴ ጠይቀው ዘጉት። ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?"

ምን እንዳልኳት አልደግመውም፤ ጾም ነበር። መልሼ ራሴ ደወልኩ። ጥያቄው በደንበኛዋ ፈቃድ ተሰርዟል፣ አዲስ ጥያቄ ከስድስት ወር በኋላ ነው አሉኝ። መልሱ ደግሞ መስከረም ላይ ነው። ጽጌወይን ወንበር ላይ ቁጭ አለችና ካርዷን መልሳ በመሐረቧ መጠቅለል ጀመረች። ያኔ ንዴቴ ጠፋ። ይህች ሴት በሕይወቷ የሰው እጅ አይታ አታውቅም፤ ያንን ኩራቷን እንደያዘች በልጇ ድግስ እንግዳ ልትሆን ነው።

ለተፈሪ ደወልኩለት። ሲስቅ ታክሲውን ጥግ አስያዘ መሰለኝ፣ ጥሩምባ ሰማሁ። "ሊሚት ጨምሩልኝ ብሎ ደውሎ ሲጨመርለት እምቢ ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም! አሜሪካም ሰምታ አታውቅም!"

"ስቀህ ስትጨርስ መላ በለን።"

"አንድ መንገድ አለ። ጥሩ ክሬዲት ያለው ሰው በራሱ ካርድ ላይ ስሟን ያስገባላት። ሁለተኛ ካርድ ይመጣላታል፣ የራሷ ስም የታተመበት። ሊሚቱ የዚያ ሰው ነው፤ ካርዱን ግን እሷ ትጠቀምበታለች።"

"ታዲያ አንተ ዘጠኝ አለህ አይደል? ባንዱ አስገባት።"

"እኔማ..." አለ ተፈሪ። "የኔዎቹ በሚስቴ ካርዶች ላይ የተጨመሩ ናቸው።"

"ስንቶቹ?"

"ዘጠኙም።"

ቻው እንኳ ሳልለው ዘጋሁት። ሙሉ ፕሮፌሰር ሆኖ የኖረው በሚስቱ ስም ነው! ግን ምክሩ ምክር ነው። በማግስቱ ሮሐ የምትሠራበት ጥርስ ሐኪም ቤት ሄድኩ። የምሳ ሰዓቷ ላይ መኪናዋ ውስጥ ኤሲውን ከፍታ ሳንድዊች ስትበላ አገኘኋትና ገብቼ ተቀመጥኩ።

"እናትሽን ስለ አዳራሹ ካርድ ልርዳሽ ብለሻት ታውቂያለሽ?"

"አዎ አንቲ። የኔ ካርድ ዩዝ አድርጊ አልኳት። ኖ አለች።"

"ስንቴ ጠየቅሻት?"

"ምን ማለት ነው ስንቴ? ኖ አለች። ኖ ማለት ኖ ነው። ሪስፔክት አደረግኩ።"

"ኖ ማለት ኖ የሆነው በየት ሀገር ነው?"

ሳንድዊቿን አስቀመጠች። እኔም የመጀመሪያው እምቢ ሰላምታ ማለት እንደሆነ፣ ሁለተኛው ጨዋ ያሳደገኝ ነኝ ማለት እንደሆነ፣ ሰው የሚፈልገው የሚታወቀው ከዚያ በኋላ እንደሆነ አስረዳኋት። የተፈሪን መላና ባንኩ ላይ የሆነውንም ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ እየከሰመ ሄደና መሪውን ያዘች።

"ስለዚህ እስከ ዛሬ ኖ ያለችኝ ሁሉ..."

"ሁሉም አይደለም። ግማሹ እውነቷን ነው።"

"የቱ ግማሽ?"

"እሱን ብናውቅማ ማን ይቸገር ነበር!"

"እሺ ሦስቴ ጠየቅኩ፣ ኖ አለች። ከዚያስ?"

"ከዚያ በሞቴ ትያታለሽ። አፈር ስሆን ትያታለሽ።"

"ወት? ማነው የሚሞተው?"

"አንቺ።"

"እኔ ለምን እሞታለሁ?"

"ስለምትወጃት።"

ልጅቷ ዓይኗ እንባ አቀረረ። "በሞቴ፣ አፈር ስሆን" እያለች ደጋግማ አጠናችው። ስወጣ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ "አንቲ፣ ካርዱ በኤክስፕረስ ይመጣል፤ እማ እንዳትነግሪያት" አለችኝ።

ካርዱ ግን ቶሎ አልመጣም። የወሩ መጨረሻ ቀን ደረሰ። ጽጌወይን ጠዋት ደውላ "ነይ ውሰጂኝ" አለችኝ። የክት ቀሚሷን ለብሳ ጠበቀችኝ። "በግሪን ቫሊዎቹ ስም ይሁን ብዬ ልፈርምላት" አለች፤ መንገዱን ሁሉ ሌላ ቃል አልተናገረችም። እኔ ለሮሐ በየመብራቱ መልእክት እየላኩ ነው፤ መልስ የለም።

ሊንዳ ቢሮ ገብተን ተቀመጥን። ሊንዳ መነጽሯን አጠለቀች። ጽጌወይን እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ "የአማቶቻችን ካርድ..." ብላ ስትጀምር በሩ ብርግድ አለ። ሮሐ ናት፤ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች፣ እያለከለከች፣ ፖስታ ይዛ። ፖስታውን ቀዳ ካርዱን አወጣችና ለእናቷ ዘረጋች። ካርዱ ላይ የጽጌወይን ስም ተጽፏል።

"እማ፣ ይሄ ያንቺ ነው። ውሰጂ።"

ጽጌወይን ስሟን አየችው። አየሁት ዓይኗን፤ ፈልጋዋለች፤ እንደ ውሃ ጥም ፈልጋዋለች። እጇ ግን ወደ ደረቷ ሄደ።

"ኧረ ተይኝ ልጄ። ልታገቢ ነው፤ ስንት ጉዳይ አለብሽ። አትቸገሪ።"

ሮሐ ወደኔ ዞረች። ቅንድቤን ከፍ አደረግኩላት።

"እማ፣ ውሰጂ።"

"አልፈልግም አልኩ እኮ።"

"ውሰጂ፣ እማ። ውሰጂ!"

"እምቢ! አንዴ እምቢ ብያለሁ።"

ሊንዳ ወደኔ ጠጋ ብላ "እየተጣሉ ነው?" አለችኝ። "አይደለም፤ እሺ እያለች ነው" አልኳት።

ያኔ ሮሐ በረዥሙ ተነፈሰች። ያጠናችውን ለማስታወስ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከዚያ የካርዱን ጫፍ እናቷ መዳፍ ላይ ተጭና፣ በሙሉ ድምፅዋ፣ "እማ፣ በሞትሽ!" አለች።

እኔ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ሮሐ የሆነ ነገር እንደተሳሳተ ከፊታችን አይታ ልታስተካክለው ቸኮለች።

"አፈር... አፈር ስትሆኚ!"

ጽጌወይን አፏን ከፍታ ልጇን አየቻት። ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ልታለቅስ ነው ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ሶፍት ስፈልግ ሳቅ ፈነዳባት። እንደዚያ ስትስቅ ንጉሤ ከሞተ ወዲህ አላየኋትም። ወንበሩ ላይ ተጣጥፋ፣ እንባዋ እየወረደ፣ በአንድ እጇ የልጇን ክንድ ይዛ ሳቀች።

"ገደልሽኝ ስል ቀበርሽኝ!" አለች። "አምጪው፤ አምጪው ሳልቀበር።"

ወሰደችው። ለሊንዳ ስትሰጣት ቀና ብላ ነው። ማሽኑ ጢጥ አለና አለፈ፤ ሊንዳ ውሉ ላይ የደጋሿን ስም ጻፈች፤ በር ላይ የሚለጠፈው ስም አጻጻፉ ልክ መሆኑን እንድታይ ሰጠቻት። ጽጌወይን ፊደል በፊደል አነበበችው፤ መልሳ ደግሞ አነበበችው። ሊንዳ በሉ ጨርሰናል ባትለን ኖሮ እስካሁንም እያነበበች ነበር።

ፓርኪንጉ ላይ ፀሐዩ ራስ ይበሳል። የመኪናዬን በር ስከፍት እጄን አቃጠለኝ። ሮሐ ወደ ሥራዋ መመለስ ሲገባት አልሄደችም፤ ቁልፏን እያሽከረከረች ቆመች።

"እማ" አለች። "ትርፉ ክፍል። እኛ ጋ ነይ።"

ጽጌወይን ካርዷን በመሐረቧ እየጠቀለለች ነበር። ቀና አላለችም። "ኧረ ተይኝ ልጄ" አለች። "እኔ ምን ሆንኩ። አዲስ ሙሽሮች ናችሁ። አትቸገሩ።"

ሮሐ ወደኔ አልዞረችም። ስልኳን አውጥታ ደወለች። "ማቲ፣ የመሮጫ ማሽኑን ዛሬ ጋራዥ አውርደው" አለች፣ በአማርኛ፣ እናቷ እንድትሰማት።

"እምቢ አልኩሽ እኮ!" አለች ጽጌወይን።

"ሰማሁሽ፣ እማ" አለች ሮሐ።